ዌስተን (ፍሎሪዳ)፦ ኤቨርግሌድስ ጥግ ቤት ከመግዛታችን በፊት ምን እናጣራ?

አዲስ_ገቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ከሰሜን ቨርጂኒያ ወደ ደቡብ ፍሎሪዳ ልንዛወር ነው። ሥራው ከፎርት ሎደርዴል በስተምዕራብ ስለሆነ ዌስተን ላይ ዓይናችንን ጥለናል። ከተማዋ ንጹሕና ጸጥ ያለች ናት፣ ትምህርት ቤቶቿም ጥሩ ናቸው ይባላል። የሚያሳስበን ግን ካርታ ላይ ስናይ ልክ ከቤቶቹ ጀርባ ኤቨርግሌድስ (የደቡብ ፍሎሪዳው ሰፊ ረግረግ) መጀመሩ ነው። ጥያቄዎቻችን እነዚህ ናቸው፦

ጎርፍ በእርግጥ ያሰጋል ወይ? ደላላው «ኤክስ ዞን (በፌደራሉ የጎርፍ ካርታ ላይ ስጋቱ አነስተኛ የሆነ ቀጠና) ነው፣ የጎርፍ ኢንሹራንስ አያስፈልጋችሁም» ይለናል። ሐይቅ ዳር ያሉት ቤቶች ዋጋቸው ከፍ ይላል፤ ያዋጣል? ሽያጭ ድረ ገጹ ላይ የሚታየው ዓመታዊ የቤት ግብር ዝቅተኛ ነው፣ እንመነው? ትናንሽ ልጆችና ውሻ አሉን። የምታውቁ ሰዎች በዝርዝር ብታስረዱን ትልቅ ውለታ ነው።

---

ውሃ_ልክ

እንኳን ደህና መጣችሁ። ከመሬቱ ልጀምር፣ ሌላው ጥያቄ ሁሉ የሚመነጨው ከዚያ ነው። (ዓመቶቹን፣ ወሮቹንና ቀኖቹን በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።)

ዌስተን ኤቨርግሌድስ አጠገብ ያለች ከተማ ብቻ አይደለችም፤ የተሠራችበት መሬት ራሱ ኤቨርግሌድስ ነበር። ረግረጉም የቆመ ኩሬ አይደለም። ከኦኪቾቢ ሐይቅ ተነስቶ ወደ ደቡብ የሚሄድ፣ ቀድሞ ስፋቱ እስከ 60 ማይል ይደርስ የነበረ ስስ የውሃ ንጣፍ ነው። ተዳፋቱ በአንድ ማይል ሁለት ኢንች ያህል ብቻ ስለሆነ ፍሰቱ በዓይን አይታይም። በ1947 ሁለት ሃሪኬኖች ተከታትለው ደቡብ ፍሎሪዳን ካጥለቀለቁ በኋላ ኮንግረስ በ1948 ግዙፉን የጎርፍ መከላከያ ፕሮጀክት አጸደቀ። በ1950ዎቹ ከሰሜን ወደ ደቡብ ረጅም የአፈር ክትር ተዘረጋ፤ ከክትሩ በስተምሥራቅ ያለው መሬት ለእርሻና ለመኖሪያ፣ በስተምዕራብ ያለው ለውሃ ማጠራቀሚያ ተመደበ። ዌስተን በመኖሪያው ወገን የመጨረሻዋ ጫፍ ናት። ከተማዋ ወደ ምዕራብ ከዚህ በላይ ልታድግ አትችልም፤ ዩኤስ 27 መንገድና ክትሩ ጋ ታበቃለች።

ቤት ፈላጊዎች ብዙ ጊዜ የማያውቁት አንድ ነገር አለ፦ ከክትሩ ወዲያ ያለው ረግረግ ውሃው የሚቆመው ከከተማዋ ሐይቆች ብዙ ጫማ ከፍ ብሎ ነው። ስለዚህ ከተማዋ ላይ የወረደ ዝናብ በራሱ ወደ ረግረጉ አይፈስም፤ በፓምፕ ሽቅብ መገፋት አለበት። ከሥር ያለው የኖራ ድንጋይ ቀዳዳ የበዛበት በመሆኑ ደግሞ በክትሩ ሥር ወደ ከተማው እየሰረገ የሚመለስ ውሃ አለ፤ እሱም ይገፋል። ፓምፕ ቢቆም ከተማዋ ዝርግ ሳህን ማለት ናት።

አሠራሯም ይህንኑ ተከትሎ ነው። አርቪዳ የሚባለው ኩባንያ ግንባታውን ሲያካሂድ ከላይ ያለው ጥቁር ብስባሽ አፈር ተጠረገ (ሸክም አይችልም፣ ሲደርቅም እየሰነበተ ይሟሽሻል)፤ ቀጥሎ ጉድጓድ እየተቆፈረ የወጣው የኖራ ድንጋይ ለቤቶቹ መደብ ተሞላ። ጉድጓዶቹ ውሃ ያዙና «ሐይቅ» ተባሉ። ዌስተን ውስጥ የምታዩት ሐይቅ ሁሉ በሰው እጅ የተቆፈረ የዝናብ ማጠራቀሚያ ነው፤ ውበቱ ትርፍ ነው። አካባቢው መጀመሪያ ኢንዲያን ትሬስ ይባል ነበር። በከተማነት የተቋቋመው በ1996 ሲሆን፣ በ2020 ቆጠራ 68,107 ነዋሪ ነበረው። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለው ቦናቬንቸር ከሌላው ቀድሞ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተሠራ ሰፈር ነው፤ ቤት ስትመርጡ ይህ ልዩነት ያስፈልጋችኋል።

የዝናቡ ጉዞ እንዲህ ነው፦ ከጣሪያ ወደ ሣሩ፣ ከሣሩ ወደ መንገድ ዳር ፍርግርግ፣ ከዚያ በቱቦ ወደ ሐይቅ። ሐይቆቹ እርስ በርስ በቱቦ የተያያዙ ናቸው። ከኢንዲያን ትሬስ ሐይቆች የዲስትሪክቱ (የሰፈሩን ውሃ የሚያስተዳድረው አካል) ፓምፖች ወደ ሲ-11 ቦይ ያስወጡታል፤ ከቦዩ ደግሞ ኤስ-9 የሚባለው ትልቅ የፓምፕ ጣቢያ ወደ ረግረጉ ያነሳዋል። ሰፈሮቹ ወደ ቦዩ እንዲያስወጡ የሚፈቀድላቸው በቀን ከአንድ ኢንች ያነሰ ነው። ሁሉም በአንዴ ቢያፈስ ቦዩ ራሱ ሞልቶ ይገነፍላል። እንግዲህ አስቡት፦ በአንድ ቀን 10 ኢንች ቢዘንብ ውሃው ሐይቅ ውስጥ፣ መንገድ ላይና ግቢ ውስጥ ለቀናት መቀመጡ አይቀርም። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ንድፉ ነው። የቤት ወለል የሚነሳው የ100 ዓመቱ ጎርፍ (በየትኛውም ዓመት የመድረስ ዕድሉ 1 በመቶ የሆነው) ታስቦ ሲሆን፣ መንገዱ ግን ከዚያ እጅግ ላነሰ ዝናብ ነው የተሠራው። መንገድ ላይ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውሃ አይታችሁ አትደንግጡ፤ ጋራዥ በር ላይ ከደረሰ ግን ደንግጡ።

በእርግጥም የሚበላሸው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ትንሽና ቅርብ ነው። የታጨደ ሣርና የዘንባባ ቅጠል ፍርግርጉን ይደፍነዋል። በሁለት ቤቶች መካከል ያለው ዝቅ ያለ የሣር ቦይ ጎረቤት አፈር ሲሞላበት ወይም የመዋኛ ገንዳ ሲሠራ ይዘጋል፤ ያኔ ውሃው ወደ እናንተ ግድግዳ ይዞራል። ስለዚህ ቤት ስታዩ ከኋላ ጥግ ቆማችሁ ወደ መንገዱ ተመልከቱ፦ ሣሩ ከግድግዳው እየራቀ ቁልቁል ይሄዳል? በጎን በኩል ሳይቋረጥ መንገድ ወይም ሐይቅ ይደርሳል? የአየር ማቀዝቀዣው ሲሚንቶ መደብ ዙሪያ የደረቀ የጭቃ መስመር አለ? ዓመታዊው ዝናብ 60 ኢንች (1,500 ሚሊ ሜትር) ገደማ ሲሆን አብዛኛው ከግንቦት አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ይወርዳል። የምትችሉ ከሆነ በዚያ ወቅት፣ ከሰዓት በኋላው ዶፍ እንዳበቃ ሄዳችሁ እዩ። በየካቲት የታየ ግቢ ምንም አይነግራችሁም።

---

ፖሊሲ_አንባቢ

ውሃ_ልክ መሬቱን በደንብ ገልጾታል። እኔ ወደ ገንዘቡ ልሂድ።

«ኤክስ ዞን ስለሆነ አያስፈልግም» የሚለው አነጋገር ሁለት ነገር ያደባልቃል። ኤክስ ዞን ማለት ባንኩ አያስገድዳችሁም ማለት ነው። ውሃ አይገባም ማለት አይደለም። በሚያዝያ 12 ቀን 2023 ፎርት ሎደርዴል ላይ በአንድ ቀን ውስጥ 26 ኢንች ገደማ ዘነበ፤ ሃሪኬን አልነበረም፣ ስምም አልነበረውም። ያ ደመና ጥቂት ማይል ወደ ምዕራብ ቢቆም ኖሮ ካርታው ላይ ያለው ፊደል ማንንም አያድንም ነበር።

መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ከመሬት ተነስቶ የሚገባን ውሃ አይከፍልም። የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው ይገዛል። የፌደራሉ ፕሮግራም ጣሪያው ለቤቱ 250,000 ዶላር፣ ለዕቃ 100,000 ዶላር ነው፤ የዕቃው ለብቻው ስለሚጠየቅ «ጎርፍ አለኝ» ብሎ ዕቃውን የዘነጋ ብዙ ነው። ሥራ የሚጀምረው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ነው። ከሞርጌጅ መዝጊያ (የቤቱ ግዢ ከሚጠናቀቅበት) ጋር ተያይዞ ከተገዛ ግን ጥበቃው ከመዝጊያው ዕለት ይጀምራል፣ ስለዚህ ዕድሉ ያኔ ነው። ቤቱ ከ250,000 በላይ ለመገንባት የሚጠይቅ ከሆነ የግል ኩባንያዎችን ዋጋም ጠይቁ። ከጥቅምት 2021 ጀምሮ የፌደራሉ ዋጋ በዞኑ ፊደል ብቻ አይሰላም፤ የቤቱ ከፍታ፣ ከውሃ ያለው ርቀትና የመልሶ ግንባታ ወጪ ይገቡበታል። ከኤክስ ዞን ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች የተለያየ ዋጋ ሊጠየቁ ይችላሉ።

ከሻጩ መጠየቅ ያለባችሁ ወረቀት አለ። ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ በፍሎሪዳ ሕግ ሻጭ የጎርፍ መግለጫ ፎርም ውል ሲፈረም ወይም ከዚያ በፊት መስጠት አለበት፤ በጎርፍ ምክንያት ካሳ ጠይቆ እንደሆነና የፌደራል እርዳታ ተቀብሎ እንደሆነ ይገልጻል። ካላመጣ ጠይቁ።

የሃሪኬን ዲዳክቲብሉ (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት እናንተ የምትሸፍኑት) ሌላ ነው። ከተለመደው ዲዳክቲብል ተለይቶ በመቶኛ ይጻፋል፣ አብዛኛውን ጊዜ 2 በመቶ፣ አንዳንዴም 5 ወይም 10። መቶኛው የሚሰላው ከጉዳቱ ሳይሆን ቤቱ ከተሸፈነበት ጠቅላላ ገንዘብ ነው። 600,000 ዶላር ለተሸፈነ ቤት 2 በመቶ ማለት መጀመሪያ 12,000 ከኪሳችሁ ነው። ይህን ያህል በእጃችሁ የሌለ ከሆነ ርካሹ ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውል) ርካሽ አይደለም። አውሎ ነፋስ ተሰይሞ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ደግሞ ኩባንያዎች አዲስ ፖሊሲ መጻፍ ያቆማሉ፤ የመዝጊያ ቀናችሁ ነሐሴ ወይም መስከረም ላይ ከዋለ ፖሊሲውን አስቀድማችሁ አስሩ።

አሁን ወደ ግብሩ። ድረ ገጹ የሚያሳያችሁ የሻጩን ግብር ነው፣ የእናንተን አይደለም። በፍሎሪዳ ዋና መኖሪያ የሆነ ቤት ለግብር የሚገመትበት ዋጋ በዓመት ከ3 በመቶ ወይም ከዋጋ ንረቱ፣ ካነሰው በላይ አይጨምርም። ለ20 ዓመት የኖረ ሰው የሚከፍለው ከገበያው በጣም በታች ነው። ቤቱ ሲሸጥ ያ ገደብ ይነሳና ከሽያጩ ቀጥሎ ባለው ጥር 1 ቀን ግምቱ ወደ ገበያ ዋጋ ይዘላል። በመጀመሪያው ዓመት በሻጩ ሒሳብ ትከፍላላችሁ፤ በሁለተኛው ዓመት እውነተኛው ይመጣና ባንኩ የኤስክሮ (ለግብርና ለኢንሹራንስ ከወርሃዊ ክፍያችሁ የሚያስቀምጠው ሒሳብ) ጉድለት ብሎ ወርሃዊ ክፍያችሁን ያንረዋል። ስለዚህ በካውንቲው የንብረት ገማች ቢሮ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የግብር ማስያ በራሳችሁ የግዢ ዋጋ ሙሉት። የሆምስቴድ (ቤቱ ዋና መኖሪያችሁ መሆኑን አስመዝግቦ የግብር ቅነሳና ገደብ የማግኛ) ማመልከቻ የመጨረሻው ቀን መጋቢት 1 ነው፤ ጥር 1 ቀን ቤቱ ውስጥ መኖር ይጠበቅባችኋል። ደረሰኙ ኅዳር ላይ ይወጣል፣ በኅዳር የከፈለ 4 በመቶ ይቀነስለታል፣ ቅናሹ በየወሩ በአንድ በመቶ እየወረደ የካቲት ላይ 1 በመቶ ይሆናል።

ከደረሰኙ ታችኛው ክፍል ላይ በቤቱ ዋጋ የማይሰሉ መስመሮች አሉ፦ የኢንዲያን ትሬስ ወይም የቦናቬንቸር ዲስትሪክት ክፍያ፣ የእሳት አደጋ ክፍያና መሰሎቹ። የ3 በመቶው ገደብ እነዚህን አይነካም። ውሃ_ልክ የነገራችሁን ፓምፕና ሐይቅ የሚያንቀሳቅሰው ይህ ገንዘብ ነው። ከዚህ ሌላ የኤች ኦ ኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ወርሃዊ ክፍያ አለ፤ ብዙ ሰፈር ላይ ዋና ማኅበርና የሰፈሩ ንዑስ ማኅበር ለየብቻ ይጠይቃሉ። ያልተከፈለ ዕዳ መኖሩን የሚገልጸውን ሰርተፊኬት ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ የመጨረሻውን ዓመት በጀትና የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ጠይቁ። የሐይቅ ዳር ጥገና ወይም የመንገድ እድሳት እየተወራ ከሆነ ልዩ መዋጮ ከኋላው አለ።

---

አዲስ_ገቢ

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ይህን ያህል አልጠበቅንም። ተጨማሪ ጥያቄ፦ ካየናቸው አንዱ ቦናቬንቸር በኩል በ1988 የተሠራ ነው። ጣሪያው ታይል ነው፣ በ2006 የተቀየረ። መስኮቶቹ የድሮ ሲሆኑ ተነቃይ የአልሙኒየም መከለያ አላቸው። ሻጩ የሰጠን የቆየ የከፍታ ሰርተፊኬት የወለሉን ከፍታ 9.0 ጫማ ይላል፤ የፌማ (የፌደራሉ የአደጋ አስተዳደር ኤጀንሲ) ካርታ ላይ ያለው የጎርፍ ከፍታ ደግሞ 7 ነው። ሁለት ጫማ ትርፍ አለው ማለት ነው አይደል?

---

ውሃ_ልክ

አይደለም፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከሰርተፊኬቱ ላይ የከፍታ መለኪያው መነሻ የሚጻፍበት ሳጥን አለ። በ1980ዎቹ የተሠራ ወረቀት የሚለካው የ1929ኙን መነሻ ይዞ ነው፤ የአሁኑ ካርታ ደግሞ የ1988ቱን። ዌስተን ባለችበት በብራዋርድ ካውንቲ የሁለቱ ልዩነት ወደ 1.5 ጫማ ነው፣ የድሮው ቁጥር ይበልጣል። የእናንተ 9.0 በአዲሱ ሲለካ 7.5 አካባቢ ይሆናል። ትርፉ ግማሽ ጫማ ነው ማለት ነው። ቤቱን ተዉት አልልም፤ ግን ሁለት ጫማ ብላችሁ ዋጋ እንዳትሰጡ። የከተማው የሕንጻ ክፍል ፋይል ውስጥ አዲስ ሰርተፊኬት ካለ ጠይቁ፤ ከሌለ ቀያሽ አስለክታችሁ አዲስ አሠሩ። የቀያሹን ወረቀት ስትቀበሉ ጋራዡንም እዩ፤ ብዙ ጊዜ ከሳሎኑ ወለል ዝቅ ይላል፣ የውሃ ማሞቂያውና የማቀዝቀዣው ማሽን እዚያ ካሉ መጀመሪያ የሚነኩት እነሱ ናቸው።

ካርታውን ስትፈልጉም የቆየ ቅጂ እንዳይሆን። የብራዋርድ አዲሱ ካርታ ሥራ ላይ የዋለው በሐምሌ 31 ቀን 2024 ነው፣ ዞናቸው የተቀየረ ቤቶች አሉ።

---

ጣሪያና_አየር

ስለ 1988ቱ ቤት ልጨምር። ዓመቱ ራሱ ይናገራል፤ ሃሪኬን አንድሩ ከመምጣቱ (1992) በፊት የተሠራ ነው። ከአንድሩ በኋላ የማያሚ ዴድና የብራዋርድ የግንባታ ሕግ ጠበቀ፣ ከ2002 ጀምሮም ሁለቱ ካውንቲዎች በፍሎሪዳ ሕግ ውስጥ የከባድ ነፋስ ቀጠና ተብለው የተለየ መስፈርት አላቸው። መስኮት እዚህ ተፈትኖ የሚያልፈው ዘጠኝ ፓውንድ የሚመዝን ጣውላ በሰዓት 34 ማይል ፍጥነት ተተኩሶበት ተሰንጥቆም ቢሆን ክፍተት ካልፈጠረ ነው።

የነፋስ መቋቋም ምርመራ አሠሩ፤ ሪፖርቱ እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል፣ የኢንሹራንሱን ዋጋም ከምንም በላይ የሚቀይረው እሱ ነው። መርማሪው የሚመዘግባቸውን እወቁ። ጣሪያው ከግድግዳ ጋር በምን ተያይዟል፦ በምስማር ብቻ፣ በክሊፕ ወይስ እንጨቱን ዙሮ በሚይዝ የብረት ቀበቶ? የጣሪያው ቅርጽ አራቱም ወገን ተዳፋት ነው ወይስ ጫፉ ላይ ቀጥ ያለ ሦስት ማዕዘን ግድግዳ አለው? ነፋስ የመጀመሪያውን ይምረዋል። መክፈቻዎቹ (መስኮቶቹና በሮቹ) ሁሉ ተሸፍነዋል? «ሁሉ» የሚለው ቃል ከባድ ነው፤ አንዲት የጣሪያ መስኮት እንኳ ካልተጠበቀች የመክፈቻ ቅናሹ ሊቀር ይችላል። ያያችሁትን የአልሙኒየም መከለያ በሙሉ አስቆጥሩ፤ እያንዳንዱ ፓነል፣ ብሎኑና በእጅ የሚጠበቀው ባለ ክንፍ ዳዶ መኖር አለበት። ባለቤት በተቀያየረ ቁጥር ሁለት ሦስቱ ይጠፋሉ።

ጣሪያውን በተመለከተ፣ የ2006 ታይል ከላይ ሲያዩት እንከን ላይኖረው ይችላል። ውሃ የሚከለክለው ግን ታይሉ አይደለም፣ ከሥሩ ያለው ንጣፍ ነው፤ በዚህ ፀሐይ ከ20 እስከ 25 ዓመት ቢቆይ ነው። ስለዚህ ይህ ጣሪያ ወደ መጨረሻው ተቃርቧል። ኮርኒስ ውስጥ በባትሪ ግቡና ሁለት ተዳፋቶች የሚገናኙበትን ሸለቆና የቱቦ መውጫዎችን ዙሪያ እዩ፤ ጥቁር ቀለበት፣ የዛገ የምስማር ጫፍ፣ የተጨማደደ ጣውላ ካለ መግባት ጀምሯል። በ2022 በወጣው ሕግ መሠረት ኢንሹራንስ ከ15 ዓመት በታች የሆነን ጣሪያ በዕድሜው ብቻ አልቀበልም ማለት አይችልም፤ 15 ከሞላው ግን ቢያንስ አምስት ዓመት እንደሚቀረው በምርመራ ማሳየት ይጠበቅባችኋል። ካልተሳካ ጣሪያው ሳይቀየር ኢንሹራንስ ላታገኙ ትችላላችሁ፣ ያለ ኢንሹራንስ ደግሞ ባንኩ ግዢውን አይዘጋም። በዋጋ ድርድሩ ላይ ይህን አንሱት። የታይሉን ቀለምና ዓይነት ኤች ኦ ኤው አስቀድሞ ማጽደቅ እንዳለበትም አትርሱ።

ከነፋሱ ይልቅ በየቀኑ ቤት የሚያበላሸው ግን ወበቁ ነው። የቤት ውስጥ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ይሁን፤ ከ60 ሲያልፍ ከቁም ሣጥን ጀርባ ሻጋታ ይጀምራል። ማቀዝቀዣው ለቤቱ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ከሆነ በጥቂት ደቂቃ አቀዝቅዞ ይጠፋል፣ እርጥበቱን ለማውጣት ጊዜ አያገኝም፤ ስለዚህ «ትልቅ ይሻላል» የሚል ሻጭ አትስሙ። የማራገቢያው ማብሪያ ሁልጊዜ «አውቶ» ላይ ይሁን። «ኦን» ላይ ከተተወ መጭመቂያው ሲያርፍ ማራገቢያው ከቀዝቃዛው ጥቅል ላይ ያለውን ጠብታ መልሶ ወደ ክፍል ይነፋዋል። ከማሽኑ የሚወጣው ሦስት አራተኛ ኢንች ነጭ ቱቦ ላይ አረንጓዴ ንፍጥ ይበቅላል፤ ሲደፈን ውሃው ኮርኒስ ላይ ይፈስሳል። በየወሩ በቱቦው ክዳን በኩል አንድ ኩባያ ኮምጣጤ አፍስሱ፣ ከደፈነም ከውጭ ጫፉ በእርጥብ ቫኪዩም ምጠጡት። ውሃ ሲሞላ ማሽኑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ መኖሩን መርማሪው ይፈትሽ። ለጉዞ ስትወጡ ማቀዝቀዣውን አታጥፉ፤ 78 ወይም 80 ፋራናይት ላይ ተዉት።

---

ቄጠማ

ሐይቅ ዳር ያዋጣል ወይ ላላችሁት፦ ልጆቹ ትንንሽ ከሆኑ ለእኔ አያዋጣም፤ ከወሰናችሁ ግን እንዲህ አድርጉ።

ቅየሳውን ዘርግታችሁ የሐይቅ ጥገና መተላለፊያውን ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ከውሃው ጠርዝ 20 ጫማ ያህል ነው፤ የእናንተ ቢሆንም አጥር፣ ገንዳ ወይም ጎጆ አይሠራበትም። ቀጥሎ ዳሩን እዩ። ሣሩ በድንገት ተቆርጦ ቀጥ ያለ የአፈር ግድግዳ ከታየ እየተሸረሸረ ነው። ዋነኛው ቆፋሪ አረንጓዴ ኢጓና ነው፤ ዳሩ ላይ በርካታ ጫማ የሚገባ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ዝናቡ ይገባበትና ዳሩ ይደረመሳል። የሂቢስከስ አበባ መትከል እነሱን መጥራት ነው። የዳሩን ጥገና ወጪ ማኅበሩ ይሸከም ወይስ ባለቤቱ፣ ከማኅበሩ ሰነድ ላይ በጽሑፍ አረጋግጡ፤ ሰፈር ከሰፈር ይለያል።

አዞ (አሊጌተር) የማይገባበት ሐይቅ የለም ብላችሁ ያዙት። ሁሉም በቱቦና በቦይ የተያያዙ ስለሆኑ ዛሬ ያልነበረ ነገ ይገኛል። የሚንቀሳቀሰው በብዛት ከምሽት እስከ ንጋት ነው፣ ያን ጊዜ ልጅም ውሻም ከውሃ ዳር ይራቅ። መመገብ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ለዳክዬና ለዓሣ የሚጣል ዳቦም ውጤቱ ያው ነው፣ አዞን ሰው ማለት ምግብ መሆኑን ያስተምረዋል። አራት ጫማ የሞላና የሚያሰጋ ከሆነ የስቴቱ የዱር እንስሳት ኮሚሽን ፈቃድ ያለው አጥማጅ ይልካል። ከቤት ጀርባ ያለው ፓይቶን (ዘንዶ) የሚያሳስባችሁ ከሆነ፣ እሱ በአብዛኛው ከክትሩ ወዲያ ነው።

ለልጆቹ ከአዞው ይልቅ ውሃው ራሱ ነው የሚያሰጋው። ገንዳ ካለ ቢያንስ አራት ጫማ ከፍታ ያለው፣ በሩ በራሱ የሚዘጋና የሚቆለፍ አጥር ይኑረው፤ የቤቱ ግድግዳ እንደ አጥሩ አንድ ወገን ከተቆጠረ ወደ ገንዳው የሚከፈቱ በሮች ላይ ማንቂያ ይገጠም። ሐይቁ ግን አጥር የለውም፣ ስለዚህ ከኋላ በር ከልጅ እጅ በላይ መቀርቀሪያ አድርጉ። መኪና ውስጥም መስታወት መስበሪያ መዶሻ ይኑር፤ መንገዶቹ ከቦይ ጎን ለጎን ናቸው።

በደረቁ ወራት፣ በተለይ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ኤቨርግሌድስ ውስጥ ሣር ይቃጠላል። ነፋሱ ከምዕራብ ሲሆን ጭሱ ከተማው ላይ ይተኛል፤ አስም ያለበት ልጅ ካለ ለማቀዝቀዣው የተሻለ ማጣሪያ ይዛችሁ ጠብቁ። ትንኝ ደግሞ ከረግረጉ ይልቅ ከግቢው ይበዛል፦ የአበባ ማሰሮ ሳህን፣ የተዘጋ አሸንዳ፣ በቅጠሏ ውሃ የምትይዘው ብሮሚሊያድ። ውሃ የያዘውን ነገር በየሳምንቱ ድፉ፤ ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ሳምንት ወይም አሥር ቀን ይበቃል። ሣር ላይ ማዳበሪያ አታብዙ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲልም አትበትኑ። ከግቢያችሁ የታጠበው ፎስፎረስ በሐይቁና በሲ-11 አልፎ ኤስ-9 ላይ ተነስቶ ረግረጉ ውስጥ ይገባል። ኤቨርግሌድስ የኖረው እጅግ ጥቂት ፎስፎረስ ባለው ውሃ ነው፣ የጽዳት መለኪያው ከቢሊዮን 10 እጅ ብቻ ነው። ከዚያ ሲበዛ ሶግራስ የሚባለው የረግረጉ ሣር ጠፍቶ ፊላ ይወርሰዋል።

ለውሻው ከአዞ በላይ የምሰጋው ጉርጥን ነው። በዝናቡ ወራት ማታ ማታ የሚወጣ፣ ኬን ቶድ ወይም ቡፎ የሚባል ትልቅ መርዛም ጉርጥ አለ፤ ከትከሻው ላይ ያለው እጢ ነጭ ወተት መሳይ መርዝ ይተፋል። ውሻ ከነከሰው ድዱ ደም ይመስላል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ይንገዳገዳል፣ ከዚያም ይንቀጠቀጣል። ወዲያውኑ የውሻውን አፍ ወደ ታች ዘንበል አድርጉና ውሃውን ከጎን በኩል ወደ ውጭ እንዲወርድ አፍስሱ፤ በፊት ለፊት ወደ ጉሮሮ ከተለቀቀ መርዙን ያስውጠዋል። ድዱንና ምላሱን በእርጥብ ጨርቅ ደጋግማችሁ ጥረጉ፤ መርዙ ስለሚጣበቅ ውሃ ብቻ አይበቃውም። ከዚያ ቀጥታ ሌሊት የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ቤት፤ የትኛው ቅርብ እንደሆነ ከመግባታችሁ በፊት እወቁ። የውሻውን የምግብና የውሃ ሳህን ማታ ውጭ አትተዉ፣ ጉርጡን የሚጠራው እሱ ነው።